ቀጠሮ ያለው ዝምታ፦ ለርዕሰ መምህራንና ለምክትሎቻቸው

ከጠዋቱ 1፡45 ነው። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፣ ከባድ መኪናው ያጓራል፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያም ድምፁን ለቆታል። እርስዎ የግቢውን በር ሳያልፉ ሦስት ሰው ከቦዎታል። አንዱ መምህር የሁለት ክፍለ ጊዜ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ጥበቃው የተደባደቡ ልጆች አንጠልጥሏል፤ አንዲት እናት የልጇን መልቀቂያ ልትወስድ ቆማለች። ለሦስቱም እየተራመዱ መልስ ሰጥተው ቢሮ ይገባሉ። ረፋድ ላይ ለማን ምን እንዳሉ ትዝ አይልዎትም። እነሱ ግን አይረሱትም፤ “ራስዎ ብለውኝ የለ?” እያሉ ይመጣሉ።

በዚህ አካባቢ ትምህርት ቤት የሚመሩ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። “ስናወራ አይሰሙንም፤ ዝም ስንል ደግሞ አኩርፏል ይሉናል። ታዲያ ምን ይሻላል?” እኔ እንደማየው ችግሩ ዝምታው ቀጠሮ ስለሌለው ነው። እኛ ዘንድ የአለቃ ዝምታ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንዱ ቁጣ ብሎ ይተረጉመዋል፣ ሌላው ስምምነት፣ ሦስተኛው ደግሞ “ከላይ ታዞ ነው” ይላል። ስለዚህ ዝም ከማለትዎ በፊት ለምን ዝም እንደሚሉና መቼ እንደሚመልሱ ይናገሩ። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚቆሙት በዚህች ነገር ላይ ነው።

የሚያስፈልግዎት ኪስ የምትገባ ደብተር፣ የእጅ ሰዓትና የአንድ ወሰነ ትምህርት ትዕግሥት ነው። በምዝገባ ወይም በፈተና ሰሞን አይጀምሩት። ጥቅምት ወይም መጋቢት ይሻላል፤ ግርግሩ በረድ ይላል።

1. በመጀመሪያ ንግግርዎን ይመዝኑ

ለአንድ ሳምንት ምንም አይለውጡ። ደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ ሰልፍ ላይ ስንት ደቂቃ እንደተናገሩ፣ ስብሰባ ላይ ስንት ደቂቃ እንደወሰዱ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ስንት ጊዜ እንዳቋረጡ። የመጨረሻውን ብቻዎን አይደርሱበትም፤ የሚያቋርጥ ሰው ማቋረጡን አያውቅምና። ከጸሐፊዎ ወይም ከሚያምኑት ምክትል ጋር ይስማሙ፤ ባቋረጡ ቁጥር አንድ ጭረት ያስምር።

እኔ ምክትል ሳለሁ ይህን ስሞክር፣ ከአንድ የ50 ደቂቃ ስብሰባ 34ቱን ደቂቃ የበላሁት ራሴ ሆኜ ተገኘሁ። ስብሰባው የተጠራው “የመምህራንን ሐሳብ ለማሰባሰብ” ነበር።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ማወጅ ነው። “ከዛሬ ጀምሮ አዳማጭ ሆኛለሁ” ብለው ለመምህራን አይንገሩ፤ በመጀመሪያው ማቋረጥ የሻይ ክበቡ ቀልድ ይሆናሉ። የሚነገረው የዚያች የአንዷ ሰዓት ዝምታ እንጂ የጸባይ ለውጥ አይደለም።

2. ሰው የሚሰማበት ወንበር ያዘጋጁ

ብዙው የርዕሰ መምህር ቢሮ ለማኅተም የተሠራ ነው። ትልቅ ጠረጴዛ፣ ከኋላው ተሽከርካሪ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተማሪ ቁጥር ሰንጠረዥ፣ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ዋንጫ። እዚያ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ዝም ሲሉት ፍርድ የሚጠብቅ ይመስለዋል። ሁለት ወንበር ከጠረጴዛው ወዲህ አውጥተው ጎን ለጎን፣ ጠመም አድርገው ያስቀምጡ።

መስኮቱ ወደ መንገዱ ከሆነ ይዝጉት። በክላክስ መሃል ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው “ምን አልክ?” ሲባል አንዴ ይደግማል፣ ሁለተኛው ላይ “ምንም አይደል፣ ተወው” ብሎ ይወጣል። ያ ምንም አይደል የተባለው ነገር ነው ከወር በኋላ አቤቱታ ሆኖ ክፍለ ከተማ የሚደርሰው።

የወረቀትና የሰው ሰዓት ይለያይ። ለምሳሌ ከ4፡00 እስከ 5፡00 የፊርማና የማኅተም፣ ከ9፡00 እስከ 9፡30 የሰው ይሁንና በሩ ላይ ይለጠፍ። እየፈረሙ ማዳመጥ የሚባል ነገር የለም። ስልክዎን ለጸሐፊዋ ያስይዙት፤ የክፍለ ከተማው ጥሪ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ሰማይ አይደፋም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ተማሪ ብቻዋን ስትገባ በሩ ገርበብ እንዳለ ይሁን፣ ለእሷም ለእርስዎም።

3. ሰልፍ ላይ አንድ መልእክት፣ ሁለት ደቂቃ

መዝሙሩ አልቆ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሏል፣ ማይኩ በእጅዎ ነው። ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ ጸጉር ቁርጥ፣ ስለ ሞባይል፣ ስለ ሽንት ቤት ውሃ፣ ስለ ወረዳው ስፖርት ውድድር ሁሉንም ባንዴ ይናገራሉ። ኋላ የቆሙት ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወዲያ የሉም። ለአንድ ጠዋት አንድ ጉዳይ ይምረጡ፤ ቀሪውን የሆምሩም መምህራን በየክፍላቸው ይናገሩት።

ጫጫታውን በማይክ “ዝም በሉ!” እያሉ ማስቆም በጩኸት ላይ ጩኸት መጨመር ነው። ማይኩን ወደ ታች ይያዙ፣ መሃል ላይ ይቁሙ፣ የመጨረሻውን ረድፍ ይመልከቱና ይጠብቁ። የመጀመሪያው ቀን በጣም ይረዝማል። መምህራን ሊያግዙዎት ዱላ ይዘው በሰልፉ መሃል ይሮጣሉና ቀድመው “እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ማንም አይነካቸው” ይበሏቸው። በሳምንቱ መጨረሻ ልጆቹ እርስ በርሳቸው መጎሻሸም ይጀምራሉ።

ፊትዎን ግን አያጥቁሩ። ተኮሳትሮ መቆም ያው ዱላው ነው።

4. ስብሰባ ላይ መጨረሻ ይናገሩ

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ የብዙዎቻችን ጉድ ያለው ስብሰባ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ አጀንዳ ያነባል፣ “እንደሚታወቀው” ብሎ አቋሙን ለ20 ደቂቃ ያብራራል፣ ከዚያ “መድረኩ ለእናንተ ክፍት ነው” ይላል። ምን ቀረና? ሁለት ነባር መምህራን “ርዕሰ መምህሩ እንዳሉት” ብለው ይደግማሉ፣ ሌላው ደብተሩ ላይ አበባ ይሥላል። እውነተኛው ስብሰባ ማታ ሻይ ቤት ይካሄዳል።

እንዲህ ይሞክሩት። ስብሰባው የተጠራበትን ምክንያት በሁለት ደቂቃ ይናገሩ። ቀጥለው፦ “እኔ እስከ 9፡40 አልናገርም፣ አዳምጣለሁ። ከዚያ በኋላ ዛሬ የምወስነውንና ዛሬ የማልወስነውን ለይቼ እነግራችኋለሁ” ይበሉ። ይህ ካልተባለ ቀሪው አይሠራም። መድረኩን ምክትልዎ ወይም አንድ የዲፓርትመንት ተጠሪ ይምራው። ዕድሉም ከአዲሶቹ መምህራን ይጀምር፤ የ20 ዓመት ባለልምድ ከተናገረ በኋላ አምና የተቀጠረች መምህርት “እኔ እንኳ በሌላ መልኩ ነው የማየው” ማለት ይከብዳታል።

ኮልፌ ካለን ዘንድ አንድ ጨዋታ ላንሳ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሹ ሰፈር ነበር። መተኮሱን እዚህ ይማር እንጂ ሰው መምራትን ያየው ግን በልጅነቱ ካሳደገው ከቴምቡ እንደራሴ ከጆንጊንታባ እንደሆነ በግለ ታሪኩ ያወሳል። እንደራሴው ሕዝቡን የጠራበትን ምክንያት ይናገርና እስከ ጉባኤው ማብቂያ አንድ ቃል አይወጣውም፤ ፊት ለፊት ሲነቅፉትም ያዳምጣል። የተባለውን የሚያጠቃልለው ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ነው። ልብ ይበሉ፣ ምክንያቱ መጀመሪያ ይነገራል።

ወደ ስብሰባችን እንመለስ። “እስከ 9፡40 አልናገርም” ብለው ሲያበቁ መጀመሪያ ማንም እጅ አያወጣም። ወንበር ይንጫጫል፣ አንዱ ያስላል፣ ምክትልዎ ዞር ብሎ ያይዎታል። ዝምታውን አይስበሩት። ውሃ ይጠጡ። ጠቃሚው ሰው የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው።

አጀንዳው የሚያም ከሆነ ዝምታውን በወረቀት ያድርጉት። ጥር 2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ሰሞን ስንት የመምህራን ስብሰባ በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ጣት መቀሳሰሪያ እንደሆነ የነበረበት ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ቀን ለእያንዳንዱ መምህር ግማሽ ወረቀት ይስጡ፤ “በእኔ ትምህርት ዓይነት የተበላሸው ምንድን ነው? በእኔ አቅም የሚቀናውስ?” የሚለውን ሁሉም ለሰባት ደቂቃ፣ ያለ ንግግር፣ እርስዎም ጭምር ይጻፍ። ብዕር የያዘ እጅ ጣት ለመቀሰር አይመችም።

ሁለት ስህተቶች እዚህ ይበዛሉ። አንደኛው አፍ ተዘግቶ ፊት መናገሩ ነው፤ የደገፈዎትን እያዩ ራስዎን ሲነቀንቁ፣ የነቀፈዎትን ደግሞ ሰዓትዎን እያዩ ሲያሳልፉ ዝምታው ድምፅ ሰጥቷል። ሁለተኛው ማስታወሻ አያያዝ ነው። በእኛ አገር አለቃ ሲነቀፍ ጎንበስ ብሎ ከጻፈ ስም እየመዘገበ ይመስላል፣ አንዳንዴም ነው። ሐሳቡን እንጂ የተናጋሪውን ስም አይጻፉ፤ በመጨረሻ ደግሞ የጻፉትን ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

9፡40 ሲሆን ይናገሩ። አንድ ደቂቃ አያሳልፉ።

5. የተቆጣ ወላጅ እስኪጨርስ ይጠብቁ

“ወላጅ አምጣ” ብለን የላክነው ልጅ ወላጁን ይዞ ሲመጣ፣ ያዘነ ሰው ከተቆጣ ሰው ጋር ይገናኛል። ማን የትኛው እንደሆነ እንደ ቀኑ ነው።

በምክትልነት በሠራሁበት ትምህርት ቤት አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ማርፈድ አበዛ። እናቱ መደቧን ለጎረቤት አደራ ብላ መጣች። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሯ ላይ አቋርጬ የትምህርት ቤቱን ደንብ አነበብኩላት፤ ፈርማ ሄደች። ልጁ ማርፈዱን ቀጠለ፣ እኔም ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ የተለየ ነገር ሞከርኩ። “እናቴ፣ ይቀመጡ። እርስዎ እስኪጨርሱ አልናገርም። ከዚያ የማደርገውን እነግርዎታለሁ” አልኳት።

ጥበቃውን ወቀሰች፣ የሒሳብ መምህሩን ወቀሰች፣ እኔንም አልማረችኝም። ግማሹ ስህተት ነበር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት። ከዚያ ቆመች። መልስ የምሰጥ መስሏት ጠበቀች። መስኮት ይዘጋ ያልኩ ሰውዬ ያን ቀን አልዘጋሁትም ነበር፤ ከማዞሪያው የረዳቶቹ ጥሪ ይገባል። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ከነሱ አንዱ እሱ ነው” አለች። ጠዋት ከ12፡00 ጀምሮ ታክሲ ሲጭን ያረፍዳል፤ አባቱ አልጋ ከያዘ ወዲህ የቤት ኪራዩ ከዚያች ገንዘብ ነው። ልጁም ለማንም እንዳትነግሪ ብሏታል። እኔ የልጁ ፋይል ውስጥ በፊርማዬ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ።

ችግሩን ሁሉ አልፈታነውም። ልጁ 1፡20 ላይ እንዲያቆም ተራ አስከባሪውን አነጋገርን፣ ጉዳዩም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) በኩል ለደብተርና ለዩኒፎርም ድጋፍ ቀረበ። ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎችም ተነሡ።

ከዚህ የቀረልኝ አሠራር ይህ ነው። ወላጁን ያስቀምጡ፣ ልጁ ግን እዚያ አይቁም፤ እናቱ ፊት የሚዋረድ ልጅም፣ ልጇ ፊት የምትለማመጥ እናትም እውነቱን አይናገሩም። ያችን የቀጠሮ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። የተሳሳተ ነገር ሲሰሙ አያርሙ፣ ደብተርዎ ላይ ያስፍሩት። ወላጁ ሲጨርሱ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። ከዚያ የተባለውን በራሳቸው ቃል መልሰው ይንገሯቸውና “የቀረ አለ?” ይበሉ። የሚያደርጉትን ከነቀኑ የሚናገሩት በመጨረሻ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ስድብ ወይም ዛቻ ከመጣ ማዳመጡ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ሌላ ቀን ይቅጠሩ፣ ሁለተኛ ሰው ባለበት ይሁን።

አንድ የማይታወቅ ጥፋት አለን፤ “እሺ… እሺ… እሺ…” እያሉ ማዳመጥ። አክብሮት ይመስላል። ፈጠን ፈጠን ሲል ግን “ቶሎ ጨርስና ውጣ” ነው ትርጉሙ።

6. ክፍል ገብተው ሲታዘቡ

ደወሉ ሳይደወል ገብተው ኋላ ዴስክ ላይ ይቀመጡ። መሃል ላይ መግባት መምህሩንም ልጆቹንም ያስነሣል። የሌሰን ፕላን ጥያቄ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ይደርሳል። መምህሩ ቢሳሳት እንኳ በተማሪ ፊት አያርሙት፤ አንዴ ከታረመ ያ ክፍል ዓመቱን ሙሉ አይገዛለትም።

ቁጭ ብለው አንድ ነገር ይቁጠሩ፦ መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ ስንት ሴኮንድ ይጠብቃል? ሜሪ በድ ሮ የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ይህንኑ ለክተው መምህራን በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አገኙ። ወደ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲያደርሱት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ “አላውቅም” የሚለውና ዝም የሚለው ቀነሰ፣ ሳይጠሩት የሚመልሰውም በዛ። በአንድ ዴስክ ሦስት ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል እንኳ ሦስት ሴኮንድ ገንዘብ አይፈልግም።

ከክፍል ሲወጡ የግድፈት ዝርዝር አያንብቡ። “እንዴት አየሽው?” ብለው ይጠይቁና እርስዎም ያችኑ ሦስት ሴኮንድ፣ ከተቻለም አሥር ይጠብቁ። እርስዎ ሊሉ ያሰቡትን ግማሹን መምህርቷ ራሷ ትለዋለች። ግብረ መልሱ በዚያው ቀን ይሁን። ታዝቦ ዝም ብሎ የሥራ አፈጻጸም መሙያው ሲመጣ በነጥብ መናገር፣ ከሁሉም የሚያስቀይም ዝምታ ነው።

7. ቴሌግራም ግሩፕ

ከምሽቱ 2፡00 በኋላ አይጻፉ። በግሩፕ ማንንም አይገሥጹ። መምህር ቅሬታ ከለጠፈ አንድ መስመር ይበቃል፦ “አይቼዋለሁ፣ ነገ 4፡00 ቢሮ እንነጋገር።” በዝምታ ካለፉት ግን እስከ ንጋት 40 አስተያየት ይከመርበታል።

8. ዝም የማይባልባቸው

“በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም” የሚለው ተረት ራስን ለመጠበቅ ይጠቅም ይሆናል። ትምህርት ቤት የተረከበ ሰው ግን በተረቱ ስር የማይጠለልባቸው ጉዳዮች አሉ፦ የተደበደበ ልጅ፣ ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት፣ የወጣ ፈተና፣ የጎደለ ገንዘብ። ልጅ በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስበት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 አስፍሮታል፤ “ለሥነ ሥርዓት ነው” የሚለው መከራከሪያ አይሆንም።

እነዚህ ሲደርሱ ልጁን ከተጠርጣሪው ይለዩ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰው በዚያው ቀን በጽሑፍ ያስፍሩ፣ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ወንጀል ሲሆንም ለፖሊስ ያሳውቁ። ልጁን ደጋግመው አይጠይቁት፤ ምርመራ የእርስዎ ሥራ አይደለም። ትልቁ ፈተና ማታ ላይ ይመጣል። ጋቢ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ የሥራ ባልደረባ “ስሙ ይጠፋል፣ ቤተሰብ አለው፣ በሽምግልና እንጨርሰው” ይላሉ። እዚያ ላይ ዝም ማለት መስማማት ነው፤ “አይሆንም፣ ሪፖርቱ ሄዷል” ይበሉ። የሚዘጋው አፍ ለመንደሩ ነው። የልጁ ስም ከእርስዎ አንደበት ለሻይ ክበብም ለወተመህ ስብሰባም አይውጣ።

9. ቀጠሮውን ይወጡ

ያችን ደብተር ሦስት ዓምድ ያስምሯት፦ የተባለው፣ የምመልስበት ቀን፣ የመለስኩት። በሳምንት ከአምስት በላይ ቀጠሮ አይውሰዱ፤ የማይችሉትን “ይህ ከእኔ ሥልጣን በላይ ነው፣ ለክፍለ ከተማ ጽፌያለሁ” ብለው ያኔውኑ ይናገሩ። መልሱ “አይቻልም” ቢሆንም ይነገር። ሰው እምቢታን ይለምዳል፤ “እናየዋለን” ተብሎ መቅረትን ግን አይረሳም።

ዓርብ 10፡00 ላይ ተማሪው ወጥቶ ግቢው ጭር ሲል ደብተሩን ይክፈቱ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት መስመር ካለ ባለጉዳዩን ቢሮ አያስጠሩት። እሱ ወዳለበት፣ ወደ መምህራን ማረፊያው ወይም ወደ ቤተ ሙከራው ራስዎ ይሂዱ። ጠመኔ ከእጁ ሳያራግፍ ይድረሱበት።